ከሮም እስከ ጣርማ በር፦ እረፍት የልምምድ አካል የሆነበት ታሪክ

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ምሽት፣ እኛ ዘንድ ለአዲስ ዓመት ዋዜማ ችቦ በሚቀጣጠልበት ሰዓት፣ ሮም ላይም ችቦ የያዙ ወታደሮች በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ዳር ቆመው ነበር። በመካከላቸው ሁለት ሯጮች ጎን ለጎን ይገሰግሳሉ። አንዱ የሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ነው። ሌላው ጫማ ያላደረገ የክብር ዘበኛ ወታደር፣ አበበ ቢቂላ። ከአክሱም ሐውልት አጠገብ ሲደርሱ አበበ ፍጥነቱን ጨመረ። በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ሲገባ ሰዓቱ 2፡15፡16.2 ነበር፤ እስከዚያ ቀን ማራቶንን በዚህ ፍጥነት የጨረሰ ሰው አልነበረም። ራዲ በ25 ሰከንድ ልዩነት ተከተለው። ሦስተኛ የወጣው የኒውዚላንዱ ባሪ ማጊ ነው።

ስለዚያ ምሽት ሲወራ ሁልጊዜ የሚነሳው ባዶ እግሩ ነው። አሠልጣኝ የሆነ ሰው ግን ወደ ኋላ ተመልሶ ከሩጫው በፊት የነበሩትን ሳምንታት ይመረምራል። አበበ በዚያው ክረምት አዲስ አበባ ላይ ሁለት ማራቶን ሮጦ ሁለቱንም አሸንፏል። ሁለተኛውን የጨረሰው በ2፡21፡23 ሲሆን፣ ይህ ኤሚል ዛቶፔክ በሄልሲንኪ ኦሎምፒክ ካስመዘገበው 2፡23፡03.2 ይፈጥናል፤ ያውም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ። ሮም ሦስተኛው ነበር። ዛሬ አንድ የማራቶን ሯጭ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ቢበዛ ሦስት ጊዜ ነው የሚወዳደረው። ታዲያ አንድ ሰውነት ምን ያህል ጫና ይችላል? ማረፍ ያለበትስ መቼ ነው? በ1952 ዓ.ም. ለእነዚህ ጥያቄዎች የተሟላ መልስ የነበረው ሰው አልነበረም። መልሱ ተቆራርሶ በየአገሩ ተበትኖ ነበር፤ ቁርጥራጩ እስኪገጣጠምም ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ወስዷል።

የመጀመሪያው ቁራጭ የተገኘው ከሩጫ ሜዳ በራቀ ቦታ፣ ሞንትሪያል በሚገኝ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ሃንጋሪያዊው ሐኪም ሃንስ ሴልየ አይጦችን ለብርድ፣ ለድካምና ለመርዝ እያጋለጠ ሰውነታቸው ምን እንደሚሆን ይከታተል ነበር። ውጤቱን እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 1936 በ«ኔቸር» መጽሔት አወጣ። ጫናው የተለያየ ቢሆንም የሰውነት መልስ አንድ ዓይነት ነበር፦ መጀመሪያ ይደነግጣል፤ ቀጥሎ ይቋቋማል፤ ጫናው ካላቆመ ግን በመጨረሻ ይዝላል፣ ይሞታልም። ሴልየ ስለ ሯጮች አልጻፈም። ይሁን እንጂ ያገኘው ነገር በእያንዳንዱ የልምምድ ሜዳ ላይ ይሠራል። የሚያጠነክረው ጫናና የሚሰብረው ጫና አንድ ናቸው፤ የሚለያቸው መጠኑና ከኋላው የሚመጣው እረፍት ነው።

በዚያን ዘመን ግን አሠልጣኞች የሚፎካከሩት በጫና ብቻ ነበር። ጀርመኖቹ አሠልጣኝ ጌርሽለርና የልብ ሐኪሙ ራይንዴል ፈጣን ሩጫና አጭር እረፍት የሚፈራረቁበትን ልምምድ፣ ኢንተርቫልን በሥርዓት አደራጁ። ስዊድናዊው ጎስታ ሆልመር በጫካ ውስጥ ፍጥነት እየቀያየሩ የመሮጥን ዘዴ፣ ፋርትሌክን አስተዋወቀ። ዛቶፔክ 400 ሜትርን እየደጋገመ፣ ሌላው ሰው ይሰለቸኛል የሚለውን ያህል ሮጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1952 በሄልሲንኪ 5,000፣ 10,000 እና ማራቶንን በአንድ ሳምንት ጠቅልሎ አሸነፈ። ያየው ሁሉ የወሰደው ትምህርት «ብዙ የሠራ ያሸንፋል» የሚል ነበር። የአበበ አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነንም ከሆልመር አገር፣ ከስዊድን የመጣ ሰው ነበር፤ የዘመኑን ዕውቀት ይዞ ነው ወደ ክብር ዘበኛ ሜዳ የወረደው።

ሁለተኛውን ቁራጭ ለማግኘት ወደ ሮም፣ ወደ ሦስተኛው ሰው እንመለስ። ባሪ ማጊን ያሠለጠነው አርተር ሊዲያርድ በኦክላንድ ጫማ ፋብሪካ ይሠራ የነበረ ሰው ነው። ዲግሪም ላቦራቶሪም አልነበረውም፤ የሞከረው በገዛ እግሩ ላይ ነው። አንድ ሰሞን ርቀቱን ከልክ በላይ ይጨምራል፤ ሌላ ሰሞን ይቀንሳል፤ እያንዳንዱ ምን እንደሚያደርገው ይመዘግባል። ከዓመታት በኋላ በሳምንት 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ጸና። ትልቁ ግኝቱ ግን ቁጥሩ ሳይሆን ቅደም ተከተሉ ነው። መጀመሪያ ለሳምንታት ረጅምና ቀላል ሩጫ፣ ማለትም መሠረት። ቀጥሎ ዳገት። ከዚያ የትራክ ፍጥነት። በመጨረሻ ውድድሩ ሲቃረብ ልምምዱን ቀንሶ ሰውነትን ማሳረፍ። የ800 ሜትር ሯጩን ፒተር ስኔልን እንኳ ከማራቶን ሯጮቹ ጋር እሑድ እሑድ 35 ኪሎ ሜትር ተራራ ያስሮጠው ነበር። ሮም ላይ ስኔል በ800፣ መሪ ሃልበርግ በ5,000 ሜትር በአንድ ቀን ወርቅ ወሰዱ፤ ከስምንት ቀን በኋላ ማጊ ነሐስ ጨመረ። ሁሉም በአንድ ሰፈር የሚሠለጥኑ ልጆች ነበሩ።

ከዚያ ወዲያ ሌሎቹ ቁርጥራጮች ተከታትለው መጡ። በኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ቢል ባወርማን ከከባድ ቀን በኋላ ቀላል ቀን እንዲከተል ደነገገ። ሶቪየት ኅብረት ውስጥ ሌቭ ማትቬየቭ ዓመቱን በሙሉ ወደ ዝግጅት፣ ውድድርና ማገገሚያ ወቅት ከፍሎ ጻፈ። የዚያው አገር የባዮኬሚስትሪ ሊቅ ኒኮላይ ያኮቭሌቭ በጡንቻ ውስጥ የሚሆነውን አሳየ። በከባድ ልምምድ ጊዜ በጡንቻ የተከማቸው ስኳር፣ ግላይኮጅን የሚባለው፣ ይሟጠጣል። ሯጩ በልቶ ካረፈ ክምችቱ ተመልሶ ይሞላል፤ ለጥቂት ጊዜም ከቀድሞው ልክ ያልፋል። ቀጣዩ ከባድ ልምምድ በዚያ ትርፍ ላይ ካረፈ ሯጩ ይገነባል። ሳይሞላ ከደረሰ ግን ከተጎዳው ላይ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ1975 ደግሞ ካናዳ ውስጥ ይሠራ የነበረው ኤሪክ ባኒስተርና ባልደረቦቹ ነገሩን በሒሳብ አስቀመጡት፦ እያንዳንዱ ልምምድ ብቃትንም ድካምንም አብሮ ይወልዳል፤ ድካሙ በቀናት ውስጥ ይጠፋል፣ ብቃቱ ግን ለሳምንታት ይቆያል። የእኛ ሯጮች «ኮንዲሽን መጣ» የሚሉት ያንን ቀን ነው፤ ድካሙ ለቅቆ ብቃቱ ብቻውን የቀረበትን ቀን።

ይህንን የሒሳብ ቀመር ሳይጽፈው የኖረው ሰው ግን ያው የሰሜን ሸዋው ልጅ አበበ ነው። አበበ የተወለደው ደብረ ብርሃንን አልፎ እስከ መንዝ በሚዘረጋው ደጋ፣ ጃቶ በምትባል መንደር ነው። ልጅነቱን ከብት ሲጠብቅና ገና ሲጫወት አሳልፏል፤ የዚያን ጊዜ ገና ደግሞ ግቦቹ አንዳንዴ በኪሎ ሜትሮች የሚራራቁ ጨዋታ ነበር። ከቶኪዮ ኦሎምፒክ በፊት ደብረ ዘይት ላይ ሲለማመድ ሆዱን አመመው። መስከረም 6 ቀን 1957 ዓ.ም. የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ውድድሩ የነበረው ጥቅምት 11 ነው፤ በመካከሉ ያለው 35 ቀን ብቻ። ሰው ሁሉ ተስፋ ቆርጦ ሳለ አበበ ቶኪዮ ሄዶ በ2፡12፡11.2 አዲስ የዓለም ሰዓት አስመዘገበ። ሁለተኛውን ከአራት ደቂቃ በላይ ጥሎ ገብቶ ሜዳው ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ታየ። ቀዶ ሕክምናው ጠቀመው ማለት አይደለም። ይህ ውጤት የሚያስረዳው ለዓመታት የተገነባ ብቃት በጥቂት ሳምንት እረፍት እንደማይፈርስ ነው።

ከአራት ዓመት በኋላ ሜክሲኮ ላይ የታየው የዚያ ተቃራኒ ነው። ውድድሩ አንድ ሳምንት ሲቀረው አበበ እግሩን አመመው፤ ሐኪሞች የእግሩ አጥንት መሰንጠቁን አገኙ። ሆኖም ተሰለፈ። 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ሮጦ ወጣ። ማሞ ወልዴ ወደ ፊት ቀጥሎ ወርቁን ለኢትዮጵያ አመጣ። አጥንት የሚሰነጠቀው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን አደጋ አይደለም፤ ጫና በጫና ላይ ሲደራረብና ለመጠገን ጊዜ ሲያጣ ነው። በቶኪዮና በሜክሲኮ መካከል ያለውን ልዩነት ማንኛውም ወጣት ሯጭ ሊያጠናው ይገባል።

ሜክሲኮ ከተማ 2,240 ሜትር ከፍታ ላይ መሆኗ ሌላ ጥያቄም ቀሰቀሰ። በዚያ ኦሎምፒክ የረጅም ርቀት ወርቆች በአብዛኛው የሄዱት ደጋ ላይ ላደጉ አፍሪካውያን ነበር። ከዚያ ወዲህ ሯጮች ኦክስጅን በሳሳበት ቦታ ከኖሩ ደማቸው እንደሚጠናከር በማሰብ ወደ ተራራ መውጣት ጀመሩ። ችግሩ ግን ተራራ ላይ በፍጥነት መሮጥ ያቅታል፤ አየሩ አይበቃም፤ እግር የለመደውን ፍጥነት ይረሳል። ለዚህ መልስ የሰጡት አሜሪካውያኑ ቤንጃሚን ሌቪንና ጂም ስትሬይ ጉንደርሰን ናቸው። 39 ሯጮችን ከፋፍለው ለአራት ሳምንት አሠለጠኗቸው። ከሦስቱ ቡድኖች አንዱ 2,500 ሜትር ላይ እየኖረ ለልምምድ ወደ 1,250 ሜትር ይወርድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 ውጤቱ ሲታተም 5,000 ሜትር ላይ የተሻሻለው ይህ ቡድን ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ መሻሻሉም 13 ሰከንድ ገደማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ነገሩ በአጭሩ «ከፍ ብለህ ኑር፣ ዝቅ ብለህ ሩጥ» ተባለ።

የኛ ደገኛስ? ይህንን የመረመረችው አሜሪካዊቷ ሲንቲያ ቢል ናት። ከባልደረቦቿ ጋር በሰሜን ተራሮች አምባራስ በተባለ ቦታ፣ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን መረመረች፤ ጥናቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ደገኞች በከፍታ ምክንያት ሄሞግሎቢናቸው በጣም እንደሚበዛ፣ የቲቤቶች ደግሞ በደማቸው ያለው ኦክስጅን ዝቅ እንደሚል ይታወቅ ነበር። የአምባራስ ሰዎች ከሁለቱም ተለዩ። በወንዶቹ 15.9፣ በሴቶቹ 15.0 ግራም የተለካው ሄሞግሎቢን ባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው አይለይም፤ የደማቸው ኦክስጅንም 95.3 በመቶ ነበር። ደገኛው ከሳሳው አየር ጋር የተስማማው በራሱ መንገድ ነው። በዚያው ዘመን ገደማ በያኒስ ፒትሲላዲስ የሚመራ ቡድን 114 የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን አትሌቶችን ሲያጠና የማራቶን ሯጮቹ በአብዛኛው ከአርሲና ከሸዋ የመጡ፣ በልጅነታቸውም ወደ ትምህርት ቤት በሩጫ ይመላለሱ የነበሩ መሆናቸውን አገኘ። ሊዲያርድ «መሠረት» ያለውን እነዚህ ልጆች ሳያውቁት በመንገድ ላይ ሠርተውታል ማለት ነው።

አሁን ቁርጥራጮቹን ይዘን ወደ መንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ እንምጣ። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ያለው አየር ባሕር ጠረፍ ካለው ኦክስጅኑ በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ላይ ናት። በበጋ ጥዋት ሜዳው በአመዳይ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ በክረምት ደግሞ ጭቃው ያሰምጣል። በእንዲህ ዓይነት ቦታ ቀላል ሩጫ እንኳ ከሌላው ቦታ ይከብዳል፤ ሰውነትም ለማገገም ብዙ ጊዜ ይወስዳል። እዚያ የሚሠለጥን ልጅ የአዲስ አበባን ወይም የአውሮፓን ፕሮግራም እንዳለ ቢገለብጥ ሳያውቅ ከታዘዘው በላይ ይሠራል።

የመንዝ መልክዓ ምድር ግን መፍትሔውንም አብሮ ይዟል። ከደብረ ብርሃን ተነስቶ ጣርማ በርን በዋሻው አልፎ፣ ደብረ ሲና ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢት የሚደርሰው አስፋልት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ላይ ናት። በዚያ መንገድ የሄደ ያውቀዋል፤ ጣርማ በር ላይ ጋቢ የደረበ መንገደኛ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ሙቀቱ ልብሱን ያስወልቀዋል። እነ ሌቪን ለጥናታቸው በገንዘብ ያዘጋጁት የ2,500 እና የ1,250 ሜትር ልዩነት እዚህ በአንድ አውቶቡስ መንገድ ላይ ተቀምጧል። ከመርሐቤቴ አምባ ወደ ጀማና ወንጪት ሸለቆ የሚወርደውም እንዲሁ ነው። የእነ ሌቪን ሯጮች ቆላ ያደጉ ስለነበሩ፣ ደጋ ተወልዶ ያደገ ልጅ በደሙ ላይ ያንን ለውጥ አገኛለሁ ብሎ መጠበቅ የለበትም። የፍጥነት ጥቅሙ ግን ለሁሉም አንድ ነው፤ አየሩ ሲበዛ እግር ይፈጥናል። አዲስ አበባ ላይ የሚሠለጥኑ ቡድኖች እንጦጦን ለቀላል ሩጫ፣ ዝቅ የሚለውን አቃቂን ለፍጥነት የሚመርጡት ለዚህ ነው።

የእረፍትን ነገር ደግሞ መንዝ ከማንም ቀድሞ የሚያውቅበት ጉዳይ አለው። ጓሳ የተባለውን የጋራ የሣር ምድር ቀሮ በሚሉት ሥርዓት ሲያስተዳድሩ የኖሩ አባቶች ሣሩን ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጉት ነበር። አባ ቀራ ተመርጦ ይጠብቃል፤ ማንም አያጭድም፣ ማንም ከብት አያሰማራም። ሣሩ ሲደርስ ይከፈታል፤ ሁሉም ይጠቀማል፤ ከዚያ እንደገና ይዘጋል። ለ400 ዓመት ገደማ ጓሳን ያቆየው ይህ ነው። የሯጭ ሰውነትም በዚሁ ሕግ ይተዳደራል፤ ሳይዘጉት የሚያጭዱት ሣር ይመነምናል።

ይህ በሳምንት ፕሮግራም ላይ ሲተረጎም ምን ይመስላል? ማክሰኞ ኢንተርቫል ወይም ዳገት። ሐሙስ በአስፋልት ላይ በውድድር ፍጥነት የሚሮጥ ሩጫ። ቅዳሜ ረጅሙ ሩጫ። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ እያወሩ የሚሮጡት ቀላል ሩጫ፤ ትንፋሽ ተቆራርጦ ማውራት ካቃተ ፍጥነቱ በዝቷል። እሑድ እረፍት። ይህ አደላደል ለአገራችን ሯጮች ሌላም ጥቅም አለው። ረቡዕና ዓርብ የጾም ቀናት ናቸው። የሚጾም ሯጭ ቁርሱን የሚያዘገየው ቀላል ሩጫ በሚሮጥባቸው ቀናት ይሆናል፤ ከባድ ልምምድ በሚሠራባቸው ቀናት ግን ወዲያው መብላት ይችላል። በዐቢይ ጾም ደግሞ ከባድ ልምምድን መቀነስና የመሠረት ሩጫን ማብዛት፣ በሽሮ፣ በምስርና በባቄላ ሰውነትን መጠገን ይቻላል።

ወሩም መልክ ያስፈልገዋል። ሦስት ሳምንት ርቀቱን ቀስ እያሉ ጨምሮ በአራተኛው መቀነስ ብዙ አሠልጣኞች የሚስማሙበት ነው። ኖርዌይ የሚሠራው እስቲፈን ሳይለር የታላላቅ ጽናት አትሌቶችን ልምምድ ሲመረምር ከአሥሩ ልምምድ ስምንቱ ገደማ ቀላል መሆኑን አሳይቷል። ለትልቅ ውድድር ሲዘጋጁ ደግሞ በመጨረሻው ሁለት ሳምንት ርቀቱን ከ41 እስከ 60 በመቶ መቀነስ፣ ፍጥነቱንና የልምምድ ቀኑን ግን አለመቀነስ የተሻለ ውጤት እንደሚሰጥ እ.ኤ.አ. በ2007 ብዙ ጥናቶችን በአንድ ላይ የመዘነ ጽሑፍ አረጋግጧል። ከማራቶን በኋላ ደግሞ ሩጫ የሌለባቸው ሳምንታት ያስፈልጋሉ። ግንባታ ጊዜ እንደሚፈልግ ትዕግሥት አሰፋ ምስክር ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ሪዮ ኦሎምፒክ 800 ሜትር የሮጠችው ልጅ በአሠልጣኝ ገመዱ ደደፎ ሥር ሆና እ.ኤ.አ. በ2023 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2፡11፡53 ጨርሳ የወቅቱን የዓለም ክብረ ወሰን ያዘች።

የሰውነትን መልስ ለማንበብ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ጥዋት ከአልጋ ሳትነሳ ሁለት ጣትህን አንጓህ ላይ፣ ከአውራ ጣትህ ሥር አድርግ፤ ለአንድ ደቂቃ የልብ ምትህን ቁጠርና በደብተር ላይ ጻፈው። ዘወትር 46 የነበረው ምት ለሁለትና ለሦስት ቀን 54 ካለ፣ እንቅልፍ እምቢ ካለህ፣ ምግብ ካስጠላህ፣ ደረጃ ስትወጣ ጭንህ ከከበደህ፣ ሰውነትህ ገና ያለፈውን ልምምድ እየጠገነ ነው። የዚያን ቀን ኢንተርቫል ተወውና እንቅልፍህን ተኛ። ሴት ሯጭ ደግሞ የወር አበባዋ ከቀረ ከባድ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ብዙ ጊዜ የምትበላው ከምትሮጠው አንሷል፣ አጥንቷም አደጋ ላይ ነው ማለት ነው። ከፍታ ላይ የሚሮጥ ሁሉ ብረቱን በደም ምርመራ ማየት አለበት፤ ብረት ያነሰው ሰውነት ተራራ ላይ ቢኖርም ደም አይጨምርም።

በደብረ ብርሃን፣ በመሐል ሜዳ፣ በራቤልና በዓለም ከተማ ያላችሁ አሠልጣኞች፣ የእረፍት ቀንን በፕሮግራማችሁ ላይ እንደ ኢንተርቫሉ በጽሑፍ አስፍሩት፤ ያልተጻፈ እረፍት አይከበርም። የክለብ ኃላፊዎች፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን በወር ጥቂት ቀን ልጆቻችሁን ወደ ሸዋ ሮቢት ወይም ወደ ጀማ ሸለቆ ለፍጥነት ልምምድ የሚያወርድ መኪና ፈልጉ፤ ለአንድ ልጅ ከሚገዛ ጫማ ይልቅ ለሁሉም ይጠቅማል። አንተ ደግሞ፣ ጓደኛህ ዛሬም ሮጠ ብለህ የእረፍት ቀንህን የምትሰርቅ ወጣት፣ በርትቶ የሚያሸንፈው የሮጠው ብቻ ሳይሆን የሮጠውን ሰውነቱ እስኪቀበለው የታገሠው መሆኑን እወቅ። ደጋው ሳንባ ሰጥቶሃል፤ እረፍቱን ለራስህ የምትሰጠው አንተ ነህ።